ባለቤታቸውን ከመቶ ሰው የለየው ደም፦ የእትዬ መርማሪ የሕይወት ታሪክ

በቤተሰብ፣ በጎረቤትና በሥራ ቦታቸው «እትዬ መርማሪ» እየተባሉ ሲጠሩ የኖሩት አክስታችን፣ ቀለም ቀቢ ከነበሩት አባታቸውና ዶሮ እያረቡ እንቁላል ይሸጡ ከነበሩት እናታቸው፣ ለቤቱ ሦስተኛ ልጅ ሆነው ተወለዱ። የተወለዱበት ቤት ሁለት ክፍል ነበረው። በአንዱ ቤተሰቡ፣ በሌላው የቀለም ቆርቆሮና መሰላል ያድር ነበር፤ ዶሮዎቹ ግን ይህን ድልድል ስላልተቀበሉት በሁለቱም እንዳሻቸው ይመላለሱ ነበር።

«መርማሪ» የሚለውን ስም ያወጡላቸው አባታቸው ናቸው። ነገሩ እንዲህ ነው። ገና ትምህርት ቤት ሳይገቡ፣ አንዲት ዶሮ የፈለፈለቻቸውን ጫጩቶች አስከትላ ግቢውን ስትዞር ያዩና አንድ ጥያቄ ያድርባቸዋል፤ ይህች ዶሮ ልጇን በምን ታውቀዋለች? ሌላ ልጅ ቢሆን ጠይቆ፣ መልስ ሲያጣ ይረሳዋል። እሳቸው የአባታቸውን አረንጓዴ የውሃ ቀለም ከፍተው አንዱን ጫጩት ከአናቱ እስከ ጭራው ቀቡት። እናትየዋ አየችው፣ አንገቷን ሰገግ አደረገች፣ ከዚያም በመንቆሯ ወጋችው። ወደ ክንፏ ሊገባ ሲሞክር ደግማ አባረረችው። እትዬ መርማሪ እያለቀሱም ቢሆን ምርመራውን አላቋረጡም፤ ጫጩቱን በሳሙና አጥበው፣ ፀሐይ ላይ አድርቀው መለሱት። ዶሮዋም ምንም እንዳልተፈጠረ ክንፏን ከፈተችለት። አባታቸው ከሥራ ተመልሰው የተደፋውን ቀለም ሲያዩ፣ «አባዬ፣ ልጇን እኮ አታውቀውም፤ የምታውቀው ላዩን ነው» አሏቸው። አባትየው በዕለቱ ቁጣውንም አላስቀሩ፣ ስሙንም አላስቀሩ። ከዚያ ወዲያ አክስታችንን በወረቀት ስማቸው የሚጠራቸው ባንክ ቤት ብቻ ነበር።

አንደኛና ሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በሰፈራቸው ባሉ ትምህርት ቤቶች ተከታተሉ። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ እንዲሉ፣ መምህራኖቻቸው የሚያስታውሷቸው ደወል ከተደወለ በኋላ በሚያነሱት ጥያቄ ነው። አንድ ቀን የባዮሎጂ መምህራቸውን በር ላይ አቁመው፣ «እሾህ ጣቴ ውስጥ ሲገባ ጣቴ ያብጣል። ጥፍሬም ጣቴ ውስጥ ነው፤ ለሱ ለምን አያብጥም? እሾሁ የኔ እንዳልሆነ ለጣቴ ማን ነገረው?» ብለው ጠየቋቸው። መምህሩ ቦርሳቸውን መልሰው አስቀምጠው ወደ ክፍል ገቡ። ጥያቄው ግን በአንድ ከሰዓት የሚያልቅ አልነበረም። እትዬ መርማሪ ይዘውት ወደ ላቦራቶሪ ትምህርት ቤት ገቡ፤ በሃያ ሁለት ዓመታቸውም ተመርቀው በአንድ ትልቅ ሆስፒታል ሥራ ጀመሩ።

የተመደቡበት ክፍል ምድር ቤት፣ ከልብስ እጥበቱ ጎን ስለነበር ቀኑን ሙሉ የሳሙናና የትኩስ አንሶላ ሽታ ይገባበት ነበር። የክፍሉ ሥራ አንድ ነው፤ ኩላሊት የሚሰጥ ሰውና የሚቀበል ሰው ሥጋቸው ይስማማ እንደሆነ ከቀዶ ጥገናው በፊት ማወቅ። ሰው ሊሰጥ ፈቀደ ማለት የተቀባዩ ሰውነት ፈቀደ ማለት አይደለምና።

እኛን የእህትና የወንድም ልጆቻቸውን ሰብስበው ነገሩን ሲያስረዱን እንዲህ ይሉ ነበር። እያንዳንዱ የሰውነታችን ሴል በላዩ ላይ ከአባትና ከእናት የወረሰውን ምልክት ለብሷል። ምልክቱንም ዝም ብሎ አይለብሰውም፤ ውስጡ ከሚሠራው ሁሉ ቁራጭ ቁራጭ እያወጣ እዚያ ምልክት ላይ አስቀምጦ ያሳያል፣ ደጃፉ ላይ ናሙና እንደሚዘረጋ ነጋዴ። ነጭ የደም ሴሎች እየዞሩ ይዳስሳሉ። የለመዱት ናሙና ከሆነ ያልፋሉ። የቫይረስ ቁራጭ ወይም የተበላሸ ሥራ ካገኙ ያንን ሴል በሕይወት አይተዉትም። ተንኮለኛ ሴል ጥፋቱን ለመደበቅ ምልክቱን ጨርሶ ቢያወልቅስ? ለእሱም ሌላ ዘበኛ አለ፤ ያ ዘበኛ ደግሞ ምንም የማያሳየውን ይጠረጥራል። ያልጠረጠረ ተመነጠረ የሚለው ተረት ከሰው በፊት ለደም የተነገረ ሳይሆን አይቀርም ይሉ ነበር።

ከመካከላችን አንዱ፣ ዘበኞቹ ይህን ሁሉ የት ተማሩት ብሎ ጠየቃቸው። ከደረት አጥንት ጀርባ ባለች ትንሽ ዕጢ ውስጥ ይማራሉ፣ የገዛ ቤታቸውን ሰው የሚነክሱትም ፈተናውን ይወድቃሉ አሉት። «ሲወድቁ ክፍል ይደግማሉ?» አለ። «ይሞታሉ» ብለው ሻያቸውን ጠጡ። ያ ልጅ በዚያ ዓመት ከክፍሉ ሁለተኛ ወጣ።

የሁለት ሰዎች ምልክት በምን ይለያል ለሚለው ጥያቄ በዚያ ዘመን መልሱ የሚመጣው ከማዋለጃ ክፍል ነበር። ይህን ያወቁ ቀን እትዬ መርማሪ ምሳቸውን ሳይበሉ ዋሉ። ልጅ የሚለብሰው ምልክት ግማሹ የአባቱ ነው። በእርግዝናና በወሊድ ጊዜ ከልጁ ደም ጥቂቱ ወደ እናቱ ያልፋል። የእናት ሰውነት ያንን የአባት ምልክት ያየዋል፣ የኔ አይደለም ይላል፣ ለይቶ የሚይዘውንም አንቲቦዲ ይሠራል። ልጁን አይጎዳውም፤ ትዝታው ግን በእናቲቱ ደም ውስጥ ለብዙ ዓመት ይቀራል። ስለዚህ የወለደች ሴት ደም ሲረጋ ከላዩ የሚቀረው ቢጫ ውሃ፣ ያንን ምልክት በማንም ሰው ላይ ያገኘዋል። የሰው ሴል ላይ ጠብ ይደረግና ከጥንቸል ደም የወጣ ማጠናከሪያ ይጨመርበታል፤ ምልክቱ ያለበት ሴል ተበስቶ ይሞታል፣ ቀለም ጠጥቶም ይጠቁራል። የሌለበት ሴል እያበራ ይቀራል።

ይህ ውሃ በሚቀመጥበት ፍሪዘር ውስጥ የተደረደሩት እናቶች በስማቸው አይጠሩም ነበር፤ ወይ በሥራቸው፣ ወይ በባላቸው ሥራ ነው። ዳቦ ጋጋሪዋ፣ ልብስ ሰፊዋ፣ የፖስተኛው ሚስት። እንግዳ ሰው ወደዚያ ክፍል ብቅ ቢል፣ «ዳቦ ጋጋሪዋ ዛሬ ደክማለች፣ ልብስ ሰፊዋን ከበረዶ አውጪልኝ» ሲባል ሰምቶ ክው ብሎ ይቀራል። ይህን እንደ ዋዛ የሚናገሩት የእትዬ መርማሪ የዕድሜ ልክ የሥራ ባልደረባ፣ ከጠብታ በላይ ማባከን ስለማይወዱ «ጠብታ» የተባሉት ናቸው።

ከባለቤታቸው ጋር የተገናኙትም በዚያው ፍሪዘር ምክንያት ነው። ቁልፉ አልከፍት ብሎ እናቶቹ ሁሉ ውስጥ ተቆልፎባቸው ሳለ አንድ ቁልፍ ሠሪ ተጠሩ። ቁልፍ ሠሪው ሞረድና ሽቦ ይዘው ሲንበረከኩ እትዬ መርማሪ አጠገባቸው ቆመው፣ ጓጉንቸር የራሱን ቁልፍ በምን ያውቀዋል ብለው ጠየቁ። እኛ «ጋሼ ቁልፍ» የምንላቸው እኚህ ሰው የሰጡት መልስ ረጅም ስለነበረ ፍሪዘሩ ተከፍቶ በረዶው መንጠባጠብ ጀመረ፤ እትዬ ጠብታ መጥተው ሁለቱንም ተቆጧቸው። በዓመቱ ተጋቡ። ሁለት ወንዶችና አንዲት ሴት ልጅ አፈሩ።

ከሦስተኛው ልጅ በኋላ እትዬ ጠብታ የጓደኛቸውን ደም ወስደው ሲመረምሩ ጉድ አገኙ። ብርቱ፣ ጥርት ያለ፣ አንድን ምልክት ብቻ ለይቶ የሚይዝ አንቲቦዲ። እትዬ መርማሪም «የቁልፍ ሠሪው ሚስት» ተብለው ፍሪዘር ገቡ። ውሃው መሥራቱ የሚፈተነው ምልክቱ በእርግጥ ባለበት ሰው ሴል ነውና ጋሼ ቁልፍ በየጊዜው እየተጠሩ ክንዳቸውን ይሰጡ ነበር። የላቦራቶሪው ሰዎችም፣ «ጋሼ፣ የባለቤትዎ ደም እኮ ከመቶ ሰው መሀል ይለይዎታል» ይሏቸዋል። እሳቸው ይህን ይዘው ወደ ሱቃቸው ይመለሱና ቁልፍ እየሞረዱ ለደንበኛ ሁሉ ያወራሉ። የእሷ ደም ከመቶ ሰው ይለየኛል፣ የስንቱን ባል ሚስቱ በመንገድ እንኳ አትለየውም ይላሉ። የተለየው ሴል ከተለየ በኋላ ምን እንደሚሆን ግን ማንም አልነገራቸውም። ቀልድ ነበርና የሚያስረዳ አልነበረም።

እትዬ መርማሪ በሃምሳ አንድ ዓመታቸው፣ ለዓመታት ችላ ባሉት የደም ግፊት ምክንያት ሁለቱም ኩላሊቶቻቸው ደከሙ። በማሽን የኩላሊት እጥበት ጀመሩ፤ ሲወጡ ግድግዳ ይዘው ነበር። ሐኪሞቹ ሰጪ ፈልጉ አሉ። የበኩር ልጃቸው ግፊቱን ወርሷል፣ ሴት ልጃቸው ነፍሰ ጡር ነበረች፣ የመጨረሻው ገና ተማሪ ነው፤ እናታችንን ጨምሮ እህቶቻቸው በስኳር ምክንያት አልሆን አሉ። ጋሼ ቁልፍ ግን አንዲት ቀን አልተጨነቁም። ሱቃቸውን ዘግተው፣ የሠርጋቸውን ኮት ለብሰው ሆስፒታል መጡ። «ሌላ ሰው ምን ያስፈልጋል? የእሷ ደም እኔን ያውቀኝ የለም ወይ» አሉ።

 እትዬ መርማሪ መልሱን ከማንም በፊት ያውቁት ነበር፤ ፍሪዘር ውስጥ ተቀምጧል። ይሁን እንጂ በኮቱ ፊት አፋቸው አልታዘዝ ብሏቸው ምርመራው ይደረግ አሉ። እትዬ ጠብታ አደረጉት። የጋሼ ቁልፍ ሴሎች አንድ ሳይቀር ጠቁረው ተገኙ። የእሳቸው ኩላሊት ለባለቤታቸው ቢሰጥ ገና ቀዶ ጥገናው ሳያልቅ የሚጠቁር ኩላሊት ነበር።

ኮሪደሩ ላይ ሲነገራቸው ጋሼ ቁልፍ ኮታቸውን እየቆለፉ ወደ ባለቤታቸው ዞረው፣ «አንድ ሥጋ ናችሁ ተብለን ይሄን ሁሉ ዓመት ኖረን፣ ደምሽ እኔን ባዳ ይለኛል?» አሉ። ከዚያ በኋላ ወደ እጥበት ያደርሷቸዋል፣ ይመልሷቸዋል፣ ጨው የሌለው ወጥ ይሠሩላቸዋል፤ ፊታቸውን ግን አያዩም። ቂም አልነበረም። አፍረው ነበር፣ አዝነውም ነበር። እትዬ መርማሪ ለእናታችን፣ «ኩላሊቱስ ቢገኝም ባይገኝም የፈጣሪ ነው፤ እኔን የሚያደርቀኝ እሱ ሰውነቴ እንደጠላው አምኖ መቅረቱ ነው» አሏት። ያኔ ከሞት ይልቅ የፈሩት ይህንን ነበር።

አንድ ቀን ከእጥበት ሲወጡ ቤት አልሄዱም። እየተደገፉ ወደ ቁልፍ ሱቁ ገብተው ደንበኛ የሚቀመጥበት ዱካ ላይ ተቀመጡ። ባለቤታቸው ቁልፍ በማሰሪያው ይዘው ይሞርዱ ነበር። እትዬ መርማሪ ያኔ የነገሯቸውን ቃል የቤተሰቡ ሁሉ ጆሮ ሰምቶታልና እንዳለ እንጽፈዋለን።

«ባዳ ማለት ደሜ አይቶት የማያውቅ ሰው ነው። የማያውቀው ሰው ሲመጣ ደሜ ግራ ይጋባል፣ ይዘገያል፣ መድኃኒት ያታልለዋል። አንተን ግን ሦስት ልጅ ስወልድ አውቆሃል። አንተን መድኃኒት አያስረሳውም። ባያውቅህ ኖሮ እኮ ይቀበልህ ነበር።»

ጋሼ ቁልፍ መሞረዳቸውን አላቆሙም፤ ቁልፉ ጥርስ እስኪያጣ ሞረዱት። ከዚያ የተበላሸውን ቁልፍ አዩና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። ቀና ብለውም ባለቤታቸውን ከብዙ ሳምንት በኋላ ፊት ለፊት አዩአቸው። «እንግዲያውስ ባዳ እንፈልግልሽ» አሉ።

ሳይደግስ አይጣላም ይባላል። እጥበት ክፍል ውስጥ ከእትዬ መርማሪ ጎን የሚተኙ አንድ የአውቶቡስ ሾፌር ነበሩ። ባለቤታቸው ሊሰጧቸው ፈቅደው ሳለ ሰውነታቸው አልቀበልም ብሏል፤ ሾፌሩ ከዓመታት በፊት አደጋ ደርሶባቸው ብዙ ሰው ደም ለግሷቸው ስለነበር፣ ያ ሁሉ ሰው ምልክቱን አስተምሯቸው ሄዷል። እባብ ያየ በልጥ ይደነግጣል እንደሚባለው ነው። እትዬ ጠብታ ጠብታዎቻቸውን ይዘው አራቱን ሰዎች አቋርጠው መረመሩ። የሾፌሩ ባለቤት ሴሎች በእትዬ መርማሪ ውሃ ውስጥ እያበሩ ቀሩ። የጋሼ ቁልፍ ሴሎችም በሾፌሩ ውሃ ውስጥ እያበሩ ቀሩ። በአንድ ቀን፣ በአራት ክፍል፣ የቁልፍ ሠሪው ኩላሊት ለሾፌሩ፣ የሾፌሩ ባለቤት ኩላሊት ለአክስታችን ተሰጠ። ጋሼ ቁልፍ ገና ስፌታቸው ሳይፈታ እያነከሱ ወደ ሾፌሩ አልጋ ሄደው፣ ሱቃቸው ላይ ለጠገኑት ዕቃ እንደሚጠይቁት፣ «እንዴት ነው፣ ይሠራል?» አሉ። ሾፌሩም ሽንት መያዣውን ከፍ አድርገው አሳዩአቸው።

ከዚያ በኋላ ሁለቱ ቤቶች ዘመድ ሆኑ። እትዬ መርማሪ ወደ ሥራቸው ተመልሰው በስድሳ ዓመታቸው በጡረታ ተሰናበቱ። የሾፌሩን ባለቤት «እህቴ» ይሏቸው ነበር፤ ደማቸው ግን ይህን ዝምድና ዕድሜ ልኩን አላመነበትም። ዘበኞቹን የሚያደነዝዝ ክኒን ጧትና ማታ መዋጥ ነበረባቸው። ክኒኑም እንግዳዋን ኩላሊት ከቀሪው ሰውነት መለየት ስለማይችል ዘበኞቹን በሁሉም ቦታ ያደነዝዛቸዋል፤ የተበላሸ ሴልም በመካከል ሊያልፍ ይችላል። ይህን እያወቁ ዋጡት። ካንሰር እንዳይሆን በቆዳቸው ላይ ያለውን ጥቁር ነጥብ ሁሉ በማጉያ መነፅር ይፈትሹ ነበር፤ የራሳቸው ሲያልቅ ወደ እኛ ይዞሩ ነበር።

በአሥራ አምስተኛው ዓመት አንገታቸው ሥር ንፍፊት የመሰለ እብጠት ወጣ። ናሙናው ሲታይ ካንሰር ሆኖ ተገኘ፤ የተበላሸውም ከነጭ የደም ሴሎቹ አንዱ ነበር። ሐኪማቸው እንዴት እንደሚነግሯቸው ሲጨነቁ እሳቸው ስላይዱን ጠይቀው ዓይናቸውን ማይክሮስኮፑ ላይ አሳረፉ። «ዘበኛው ራሱ ሸፈተ» አሉ፤ ድምፃቸው ውስጥ ከፍርሃቱ ጋር አንዳች መገረም ነበር። ሐኪሞቹ ዘበኞቹ እንዲነቁ ብለው ክኒኑን ቀነሱላቸው፤ ሌላም ሕክምና ሰጧቸው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ሆነ። ብዙ ቦታ ደርሶ ነበር።

ባለፈው ወር፣ ከአልጋ መነሳት ሲያቅታቸው፣ አንድ ነገር ማወቅ እፈልጋለሁ አሉ። ስንቱን ዓመት መድኃኒት ያደነዘዘው፣ አጠገቡ ያበጠውን እንኳ ያላየ ደማቸው፣ ያንን የድሮውን ምልክት አሁንም ያውቀው ይሆን? ሥራው ዛሬ በማሽን ነው የሚሠራው፤ እትዬ ጠብታ ግን ከጡረታ መጥተው የድሮውን ማይክሮስኮፕ ከቁም ሳጥን አወጡ። ከአክስታችን ያን ዕለት ደም ተወሰደ። ጋሼ ቁልፍ ክንዳቸውን ለመስጠት አመነቱ። ያኔ ደሟ አውቆሃል ተብለው አዝነው ነበር፤ አሁን ደግሞ ደሟ ረስቶሃል እንዳይባሉ ፈሩ። በመጨረሻ እጅጌያቸውን ሰበሰቡ።

አክስታችን በተሽከርካሪ ወንበር ወደ ምድር ቤት ወረዱ፤ የሳሙናው ሽታ እንዳለ ነበር። ቀድመው አዩ፣ ለረጅም ጊዜም አዩ። ከዚያ ወንበራቸውን አስጎትተው ለባለቤታቸው ቦታ ለቀቁ። ሴሎቹ እንደ ድሮው ሁሉም አልጠቆሩም፤ ግማሽ ያህሉ ያበሩ ነበር። ግማሹ ግን ጠቁሮ ነበር።

«የጠቆረው እኔ ነኝ?» አሉ ጋሼ ቁልፍ፣ ዓይናቸውን ሳያነሱ።

«አንተ ነህ» አሉ እትዬ መርማሪ። «ደሜ ሌላውን ሁሉ ረስቶ ነው ያወቀህ።»

ጋሼ ቁልፍ መነፅራቸውን አውልቀው፣ ማይክሮስኮፑን እንደያዙ አለቀሱ። አክስታችንም አለቀሱ፤ እትዬ ጠብታ ግን ናሙናው እንዳይደርቅ ከደኑት።

እትዬ መርማሪ ባለፈው ማክሰኞ ጧት፣ በስድሳ ስምንት ዓመታቸው፣ ልጆቻቸው ባሉበት፣ እጃቸው በባለቤታቸው እጅ ውስጥ ሆኖ ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። ባለቤታቸውን፣ ሦስት ልጆቻቸውን፣ አምስት የልጅ ልጆቻቸውንና እህቶቻቸውን ትተው ሄደዋል። የሾፌሩ ባለቤት ዛሬ ከእህቶቻቸው ጋር በአንድ ረድፍ ቆመዋል፤ ከሥጋቸው አንዱ ክፍል አብሮ እየተቀበረ ነውና ቦታቸው እዚያ ነው። ሾፌሩም በጋሼ ቁልፍ ኩላሊት እየኖሩ፣ ጋሼን በክንዳቸው ደግፈው በመካከላችን ይገኛሉ።

ለቅሶ ለደረሳችሁ፣ በሕመማቸው ወቅት ለጠየቃችሁና ላስታመማችሁ ሁሉ ቤተሰቡ ከልብ ያመሰግናል። የአክስታችን ደም የሚወዱትን ሰው አውቆ መቀበል አልቻለም ነበር። ፈጣሪ ግን እያንዳንዱን በምልክቱ ያውቃል፤ ነፍሳቸውን አውቆ ይቀበላት።